ሸማኔ፣ ብረት ሠሪ፣ ጨው ቆራጭ፦ ሰውን ሥራ ላይ እያለ ፎቶ ለማንሳት ምክር ፈልጌ ነበር

የወሎ_ልጅ

ሰላም ቤቶች፣ እንዴት ናችሁ?

የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው ላይ የሚያሳይ የፎቶ ስብስብ ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ሽሮ ሜዳ ያሉ የጋሞ ሸማኔዎችና አንድ ብረት ሠሪ ቤት ነው። ከዚያ አፋር ጨው ቆራጮች ጋ፣ በመጋቢት ደግሞ ሞሮኮ፣ ፌዝ ከተማ ቆዳ አልፊዎች ጋ ለመሄድ አስቤያለሁ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ማርክ 2 ነው፤ ሌንሶቼ 24-105 ኤፍ 4 እና 50 ሚሜ ኤፍ 1.8። ፍላሽም አለኝ፣ ባልጠቀመው ግን ደስ ይለኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሸማኔ ቤት ውስጥ ነጩ ሸማ ልክ ሲመጣ የሰውየው ፊት ይጠቁራል፤ ፊቱ ልክ ሲመጣ ሸማው ነጭ በነጭ ሆኖ ክሩ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የሹተር ፍጥነት፦ በዝግታ ሲነሳ ሁሉም ይደበዝዛል፣ በፍጥነት ሲነሳ ደግሞ ሰውየው እየሠራ ሳይሆን ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ፈቃድና ክፍያ። ይከፈላል? ለማን? እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

---

ማግና_ድር

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ካሜራ የሚለካው ፍሬሙን የሞላውን ነገር ነው። የተወጠረው ድርና የተጠቀለለው ሸማ ግማሹን ፍሬም ከያዙ፣ ነጩን ወደ ግራጫ ለማውረድ ብርሃኑን ይቀንሰዋል፤ ጦሱ ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ አውቶማቲኩን ተይው። መለኪያውን ስፖት (ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው) ላይ አድርጊና ብርሃን የሚያርፍበትን ጉንጩን ለኪ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳን ዜሮ ላይ ከለካሽ ፊቱ ካለው በላይ ነጥቶ ይወጣልና መርፌውን ከዜሮ በታች በሁለት ሦስተኛ ወይም በአንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) አስቀምጪው። ያንን ቁጥር በማንዋል ቆልፊው። ብርሃኑ ከበር ወይም ከመስኮት ከሆነ ደመና እስካልገባ ድረስ አይቀየርም፤ ሸማው ቢገባም ቢወጣም አንቺን አያገባሽም። በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሺ።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም፤ የቆምሽበት ቦታ ይበልጣል። በሩ ከሸማኔው ፊት ለፊት ወይም ከጎኑ ከሆነ፣ የተዘረጋው ነጭ ድር ራሱ ብርሃኑን ከታች ወደ ፊቱ ይመልሳል፤ ከዚህ የተሻለ ሪፍሌክተር ገበያ ላይ የለም። በሩ ከጀርባው ከሆነ ግን ፊቱ ጨለማ፣ ሸማው ዳሩ ላይ የነደደ ይሆናል፤ ሌላ ማዕዘን ፈልጊ። እባክሽ በሩ ላይ አትቁሚ። ብዙ ሰው ሰፊ ፍሬም አገኛለሁ ብሎ ደጃፉ ላይ ይቆምና የቤቱን ብርሃን ሁሉ በጀርባው ይዘጋዋል።

ወደ ሹተሩ ስንመጣ፣ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ካሜራውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ተመልከቺ። ሥራው ዙር አለው፦ መርገጫውን ይረግጣል፣ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ በሌላው እጁ ይቀበላል፣ ማጉን ይመታል። ሲመታ ወገቡ አብሮ ወደ ፊት ስለሚሄድ በዝግታ ካነሳሽው ፊቱ ይደበዝዛል። ሲወረውር ግን ትከሻውና ጭንቅላቱ ይረጋሉ፣ የሚሮጠው እጁ ብቻ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ይህንን ቅጽበት ነው። 1/30 ሰከንድ ላይ መወርወሪያው ነጭ ጭረት ይሆናል፣ ጣቶቹ ይለሰልሳሉ፣ ዓይኑ ጥርት ይላል። 1/15 ላይ እጁ ጭራሽ ይጠፋል። 1/500 ላይ መወርወሪያው አየር ላይ ይቆማል፣ ግን ሰው እዚያ ያስቀመጠው ይመስላል። 1/60 መሀል ቤት ነው፦ ለእንቅስቃሴ ይፈጥናል፣ ለጥራት ይዘገያል። የሌንስሽ ማረጋጊያ የሚረዳው የአንቺን እጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው፤ የእሱን እንቅስቃሴ አያቆምም። በ1/30 ካነሳሻቸው አብዛኛው አይሆንም፤ ስለዚህ ለአንድ ማዕዘን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተኩሺ፣ ጣትሽን ግን እጁ ሲከፈት ብቻ ተጫኚ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ቆመሽ ካነሳሽው የምታገኚው አናቱን ነው። መሬት ላይ ተቀመጪ፣ ሌንስሽ ከዓይኑ ጋር ይስተካከል። ከድሩ ማዶ ሆነሽ በክሮቹ መሀል ስታነሺ ደግሞ ፎከሱ ክሩን ይይዛል፤ የ6ዲ ማርክ 2 የፎከስ ነጥቦች መሀል ላይ የተከማቹ ስለሆኑ ፊቱ ወደ ዳር ከሆነ አይደርሱበትም። ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ክፈቺና ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ንኪው፤ ካልሆነ በእጅሽ ፎከስ አድርጊ። እሱ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ አንዴ ከያዝሽው ይበቃሻል።

ጥለት ላይ ከደረሰ ደግሞ አታናግሪው። ጥለቱን የሚያወጣው ክር ቆጥሮ ነው፤ ቁጥሩ ከጠፋበት የሠራውን ይፈታል። የዚያን ጊዜ ሙሉ ሐሳቡ ጣቱ ላይ ስለሆነ የፊቱ ምርጥ ፎቶም እዚያው ነው፤ በዝምታ ተጠቀሚበት።

---

ወናፍ

ብረት ሠሪ ቤቱን እኔ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት፦ ፍላሹን ቤትሽ ተይው። መዶሻ እየወረደ ብርሃን ዓይን ላይ ከፈነዳ ጣት ይሄዳል። ሌላም ምክንያት አለ። ብረት ሠሪ ቤቱን የሚያጨልመው ሳይመቸው ቀርቶ አይደለም፤ የብረቱን ሙቀት የሚያነበው በቀለሙ ነው። ጥቁር ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፦ እያንዳንዱ የተለየ ሙቀት ነው፣ የተለየ ሥራም ይሠራበታል። ጃፓን ውስጥ ጎራዴ የሚሠሩ ሰዎች ብረቱን ውኃ ውስጥ ከመንከራቸው በፊት ክፍሉን የሚያጨልሙት ለዚሁ ነው። ስለዚህ "በሩን ትንሽ ከፈት ያድርጉልኝ" ብለሽ አትጠይቂ፤ ሥራውን ታበላሺበታለሽ።

አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8 በ50 ሚሜዋ፣ 1/125 ብለሽ ጀምሪ። የጋለው ብረት ፎቶው ላይ ቢጫ ወይም ነጭ ሆኖ ከወጣ ቀዩ ቻናል (የቀይ ቀለሙ መረጃ) ሞልቶ ፈሷል ማለት ነው። ተራው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ይህን ይደብቃል፤ የሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳየውን ክፈቺና ቀዩ የቀኙን ግድግዳ እስኪለቅ ድረስ ብርሃኑን ቀንሺ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ይሆናል። ፊቱ ይጨልማል፣ ይሁን። ወናፉ ሲነፋ ፍሙ ስለሚነድ ፊቱ ለአፍታ ይበራል፤ ያኔ አንሺው። ፍንጣሪ ረጅም መስመር እንዲሆን 1/30፣ ነጥብ እንዲሆን 1/500። ፍንጣሪ የሌንስ መስታወት ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ዩቪ ፊልተር ይኑርሽ። ከመስፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ሁለት ሜትር ራቅ ብለሽ ቁሚ፤ ቅርፊቱ የሚፈናጠረው ወደ ፊት ነው። ናይለን ልብስና ነጠላ ጫማ አይሆንም።

በያጅ ቤት ከገባሽ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የብየዳውን ብርሃን በካሜራው ቀዳዳ አታዪው፣ ዓይን ያቃጥላል። ሰውየው ጭምብሉን አንስቶ የሠራውን ሲመረምር አንሺ፤ ፊቱም የሚታየው ያኔ ነው።

ፈቃድን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ለዘመናት ሲናቅ፣ ቡዳ ሲባል የኖረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም። ስለዚህ ከሩቅ በረጅም ሌንስ የሚያነጣጥርበት ሰው ሲያይ "ለመሳለቂያ ነው" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። መጀመሪያ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ አድርጊ፣ ገብተሽ ሰላም በይ፣ "ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው፣ ሥራዎትን ባይ ደስ ይለኛል" ብለሽ ስለ ሥራው ጠይቂ። ፎቶውን የምታነሺው ለምን እንደሆነ፣ የት እንደሚወጣ በግልጽ ንገሪያቸው። ከፎቶው ሥር ሙያቸውን ስትጽፊ እሳቸው ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ይሁን። ካልፈለጉ አመስግነሽ ውጪ፤ "አንድ ብቻ" አይባልም።

ሕጉም ከእሳቸው ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለባህልና ለትምህርት ዓላማ፣ እንዲሁም በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። የሰው ሥራ ቤት ግን አደባባይ አይደለም። አንድ ገጽ የፈቃድ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጂ፣ ማንበብ ለማይችል ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት፣ አማርኛ የሚከብደው ከሆነ በጋሞኛ የሚያስረዳ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ የእሺታውን ድምፅ በስልክ ቅጂ። ልጅ እያጠነጠነ ከሆነ የወላጁ ፈቃድ የግድ ነው።

ክፍያ፦ በፎቶ ቁጥር አትክፈዪ። ደቡብ ኦሞ ላይ በአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር የሚለው ልማድ ምን እንዳመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ሥራውን ትቶ ለካሜራ ተኳኩሎ ይሰለፋል፣ አንቺ የመጣሽበት ሥራ ይቀራል። ሸማኔ የሚከፈለው በሠራው ልክ ነው፤ ያስቆምሽው ሰዓት ከገቢው የሚጎድል ነው። ስለዚህ የግማሽ ቀን ገቢውን ጠይቀሽ በፊት ተስማሚ፣ ለባለቤቱ ሳይሆን ለሠሪው በእጁ ስጪ። ነጠላ ከገዛሽ ደግሞ አትከራከሪ።

---

ነጭ_ሜዳ

ስለ አፋሩ ጨው፦

ዳሎል አካባቢ ያለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ካልሆነ አትሂጂ። ቆራጮቹ የሚጀምሩት በማለዳ ስለሆነ ንጋት ላይ እዚያው መሆን አለብሽ፤ በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከአናት ይወርድና ጥምጣሙ ሥር ያለው ዓይን ይጠፋል። ያ ሲሆንም ግን ጨው እንደ በረዶ ነጭ ስለሆነ ከታች ወደ ፊት ያበራል። ቁጭ ብሎ አሞሌ የሚያስተካክል ሰው ፊቱ ለጨው ቅርብ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ ይታያል፤ ቆሞ በእንጨት የሚፈነቅለው ግን አይታይም። ስለዚህ በማለዳ ፈንቃዮቹን፣ ረፈድ ሲል ጠራቢዎቹን አንሺ።

አውቶማቲክ ላይ ከሆንሽ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ካሜራው በመረጠው ብርሃን ላይ መጨመሪያና መቀነሻውን) ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ከፍ አድርጊ፣ አለዚያ ጨዉ አመድ ይመስላል። በማንዋል አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/500 መነሻ ይሁንሽ፤ ጨዉ ስክሪኑ ላይ ከበለጨ ወደ 1/1000 ውረጂ። እዚያ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ጨለማ ስለሚመስል ዓይንሽን አትመኚ፣ ብርሃን እንድትጨምሪ ያሳስትሻል። ነጠላ ተከናንበሽ ሂስቶግራሙን እዪ። ጠራቢው መጥረቢያውን ሲያሳርፍ የሚፈናጠረው ስባሪ እንዲታይ ፀሐይን ከጀርባው አድርጊና 1/2000 ተኩሺ፤ ከፊት የበራ ስባሪ ነጭ መሬት ላይ አይታይም።

ከሩቅ ማንሳት ላይ አንድ ነገር አለ። መሬቱ ሲግል አየሩ ይንቀለቀላል፤ ከ50 ሜትር በረጅም ሌንስ ያነሳሽው ሁሉ ፎከሱ የሳተ ይመስላል። ሌንሱ አይደለም የተበላሸው፣ አየሩ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ሜትር ቀርበሽ አንሺ። መቅረብ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፦ ሰመራ ከሚገኘው የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ ፈቃድና የአካባቢው አስጎብኚ ይዘሽ፣ ሥራ ቦታው ላይ ከሽማግሌው ጋር ተነጋግረሽ። ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱን ፀጥታ እዚያው ደውለሽ አጣሪ።

ሜዳው ላይ ሌንስ አትቀይሪ። 24-105ቷ ተገጥማ ትዋል። ማታ ካሜራውን በጨው አልባ ውኃ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊው፤ በደረቅ ጨርቅ ካሸሽው ጨዉ ይቧጭረዋል። የትራይፖድ እግር ፈትተሽ ካላጠብሽ መገጣጠሚያው በሳምንት ይነክሳል። ካሜራና ባትሪ መኪና ውስጥ አትተዪ። ለራስሽ በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ ውኃ።

---

መዲና

ፌዝ ላይ ትልቁ የቆዳ ማልፊያ ሹዋራ ይባላል፤ በፎቶ የሚታወቀው እሱ ነው። ዙሪያውን የቆዳ መሸጫ ሱቆች አሉ፣ ሰው የሚያነሳው ከነሱ ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። ለሽታው ናና ይሰጡሻል፣ ስትወርጂ እንድትገዢ ወይም ጉርሻ እንድትሰጪ ይጠብቃሉ፤ ከመውጣትሽ በፊት ስንት እንደሆነ ተነጋገሪ። ቦታው በቤቶች የተከበበ ጉድጓድ ስለሆነ ጠዋት ግማሹ ጥላ ነው። ሌላ ቦታ የምንሸሸው የቀትር ፀሐይ እዚህ ይጠቅማል፣ ገንዳዎቹ ውስጥ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነውና። ዓርብ ሥራው ይቀዘቅዛል።

ከሰገነት የምታገኚው ግን የገንዳዎቹን ንድፍና የሰዎቹን አናት ነው። ሠራተኛውን ከፈለግሽ መውረድ አለብሽ፤ ለዚያ ከታች ካሉት ሰዎች ጋር መስማማት ያስፈልጋል። "ሙምኪን ንሳውር?" ብለሽ ጠይቂ፣ እጁን ካወዛወዘ በቃ። ነጮቹ ገንዳዎች ኖራና የርግብ ኩስ ናቸው፣ ኖራው ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። የገንዳው ጠርዝ ጠባብና የሚያዳልጥ ስለሆነ እየተራመድሽ በካሜራ አትመልከቺ፤ ቁሚ፣ አንሺ፣ ከዚያ ተራመጂ። ቦርሳሽን በፊት በኩል ያዢ። ድሮን ካለሽ ሀገር ቤት ተዪው፣ ሞሮኮ ጉምሩክ ላይ ይወስዱታል።

---

የወሎ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም! አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ሽሮ ሜዳ ካሉት ቤቶች አንዱ በሰማያዊ ሸራ የተከለለ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ረጅም የፍሎረሰንት መብራት አለ። ፎቶዎቹ ላይ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ በ1/500 ስሞክር ደግሞ አንዱ ፎቶ ጨለማ፣ ቀጣዩ ብሩህ ይወጣል።

---

ጥቁር_ክፍል

ሁለተኛው የመብራቱ ጉዳይ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል ይጠፋል። 1/50 ወይም 1/100 ላይ ሙሉ ዙሩን ስለምትይዢ ችግር የለም፤ ከዚያ ከፈጠነ ያገኘሽው የዕድልሽን ነው። ካሜራሽ ሜኑ ውስጥ ፀረ ፍሊከር (የመብራት ብልጭታ መከላከያ) አለው፤ አብሪው፣ መብራቱ ሲደምቅ ጠብቆ ይተኩሳል። ላይቭ ቪው ላይ ግን አይሠራም፣ በቀዳዳው እያየሽ ማንሳት አለብሽ። 1/30 ላይ ለመወርወሪያው ከሆነ ጨርሶ አያስፈልግሽም። 60 ኸርዝ ያለበት ሀገር ከሄድሽ ቁጥሩ 1/60 እና 1/125 ይሆናል፤ ጃፓን ብትሄጂ ቶኪዮ 50፣ ኦሳካ 60 ነው።

ሰማያዊው ግን በአንድ ቁልፍ አይፈታም። ግራጫ ካርድ ፊቱ አጠገብ አስይዘሽ አንድ ፎቶ አንሺና ነጭ ሚዛኑን (የቀለም ማስተካከያውን) በሱ አስተካክዪ። በነጭ ወረቀት አትሞክሪ፤ ወረቀት ውስጥ ያለው ማንጪያ ኬሚካል ራሱ ወደ ሰማያዊ ይጎትታል። ፊቱ ሲስተካከል በበሩ የሚታየው ውጭ ብርቱካንማ ይሆናልና በሩን ከፍሬም አውጪው። ከተፈቀደልሽ የሸራውን አንድ ጎን ለግማሽ ሰዓት ገልጠሽ እሰሪው፤ ከማንኛውም ማስተካከያ የተሻለ ነው። መብራቱን ግን አጥፉልኝ አትበዪ፣ የተበጠሰ ድር የሚቀጥለው በሱ ነው።

---

ባሕረ_ሰላጤ

ይህን የሚያነብ ዱባይ ወይም አቡዳቢ ያለ ሀበሻ ካለ፦ እዚህ ይህ ሁሉ በፈቃድ እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ፣ በአደባባይም ቢሆን፣ ፎቶ አንስቶ ግላዊነቱን መንካትን ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ከስድስት ወር የማያንስ እስር፣ ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም፣ ወይም ሁለቱም ነው። የግንባታ ሠራተኛ ወይም የቤት ሠራተኛ እህታችን እሺ ብትልሽ እንኳ ቦታው የአሠሪው ነው፤ ፎቶው ሲወጣ ሥራዋንና መኖሪያ ፈቃድዋን የምታጣው እሷ ናት። እጅና ዕቃ ብቻ አንሺ፣ ዩኒፎርም ላይ ያለ የድርጅት ስም እንዳይታይ፤ ከመለጠፍሽ በፊትም ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን የቦታ መረጃ አጥፊ።

---

ማግና_ድር

ወናፍ ስለ ክፍያ ባለው ላይ ልጨምር፦ ፎቶውን አትመሽ መልሺላቸው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ኢንስታክስ (ፎቶውን ወዲያው የሚያትም ካሜራ) ይዘሽ እዚያው መስጠትም ይቻላል፤ አፋር ላይ ግን ፊልሙ ከ40 ዲግሪ በላይ ቀለሙ ስለሚበላሽ ለዚያኛው አዲስ አበባ አሳትመሽ በአስጎብኚው ብትልኪ ይሻላል።

መረጃም በዚያው ቀን ጻፊ፦ ስም፣ የሚሠራው ዕቃ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ጥጉ ወይም ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ እንዲወጣ የፈቀደው የት የት እንደሆነ። ከ1908 በፈረንጆች ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ ሲያነሳ የነበረው ሉዊስ ሃይን የልጆቹን ቁመት በልብሱ ቁልፎች እየለካ፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን በማስታወሻ ይይዝ ነበር፤ ፎቶዎቹ ማስረጃ ሆነው የቆሙት ከዚያ ጽሑፍ ጋር ነው። ለሸማኔዎቹ የጥለቱን ስም መጠየቅ አትርሺ፤ ከፎቶው ላይ ማንም ሊያነበው አይችልም።